ለሊቀመንበሩ የሚቀለመው ጥቁር ቀበቶ

አበራዬ፣ የልጄ አባት፣

አፈር ካለበስንህ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ጣና ሞልቶ ደንገሉን ውጦታል። ወባውም እንዳምናው መጥቶ ጎረቤቱን ሁሉ አንዘፍዝፎ ሄደ። አንተን ከወሰደህ ወዲህ ዳዊትን ያለ አጎበር አላስተኛውም፤ ይሳቅብኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ይህን ስነግርህ ደስ እንዲልህ ነበር የምፈልገው፤ ግን በዚህ ዘመን የልጅ ቁመት ለእናት ደስታ አይደለም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚልካቸውን በዓይኑ እየለካ ነው የሚመርጠው።

እኔ ያው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ነኝ። የጁዶ ልምምዱንም አላቋረጥንም። በቀበሌው አዳራሽ፣ አንተ በተራረፈ ጥጥ በሞላሃቸው ጆንያዎች ላይ፣ ከሥራ በኋላ እኔው አሠለጥናቸዋለሁ። ከአንተ ቀጥሎ ከፍ ያለ ቀበቶ ያለኝ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። የሚገርም ነው፤ የጀመርሁት እኮ አንተ የምትጥለው ሰው ስላጣህ ብቻ ነበር። በሐይቁ ዳር ሣር ላይ ስንቴ አንሥተህ ጣልኸኝ። አላፊ አግዳሚው ሚስቱን ይደበድባል ብሎ ሊገላግለን ይሮጥ ነበር።

ከቡናማህ በታች ያለውን ሰማያዊ ቀበቶ ለማሰር ከሁሉም ይልቅ እኔን አስጠበቅኸኝ፣ ሚስትህ ስለሆንሁ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍሁህ። አንተ ግን ቀበቶ ጌጥ አይደለም፣ ለሚገጥምሽ ሰው የምትነግሪው ቃል ነው አልኸኝ፤ በዚህ ኃይል ብቻ ጣለኝ፣ ከዚህ በላይ አልችልም የሚል ቃል። ነጭ ያሰረውን ጀማሪ በርጋታ ታስቀምጪዋለሽ፤ ጥቁር ያሰረውን ግን ባለ በሌለ ኃይልሽ ትጥይዋለሽ፣ መውደቅ ያውቃልና። በራስህም ላይ ያው ነበርህ። ጁዶን ያስተማረህ የኮሌጁ የውጭ አገር መምህር ቡናማውን አስሮልህ ወደ አገሩ ከገባ በኋላ፣ ከእርሱ በላይ ላለው ለጥቁሩ የሚፈትንህ ሰው በከተማው አልነበረም። ቀለሙ እኮ በእጄ ነው፣ ላቅልምልህ ወይ ብዬ ስቀልድ እንኳ ፊትህ ተቀየረ።

አሁን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ያንን ቀለም ከእኔ ይፈልጋል። ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ የጁዶ ቡድን ይመጣል። እርሱም የእኛን ልጆች መርቶ፣ ጥቁር ቀበቶ አስሮ ሊገጥም ነው። ልምምድ የጀመረው ከፋሲካ ወዲህ ነው። ሰማያዊ ያሰረ ሰው ጥቁር መስጠት አይችልም አልሁት። አብዮቱ ይሰጣል አለኝ። ቀጥሎ የቀበቶውን ነገር ተወት አድርጎ፣ ዳዊት እንዴት አድጓል፣ ለአገር የሚሆን ጎረምሳ ወጥቶታል አለኝና ሳቀ።

አየህ የገባሁበትን። ካላቀለምሁለት ልጄን ይወስድብኛል። ካቀለምሁለት ደግሞ እንግዶቹ ቀበቶውን አይተው፣ እውነት መስሏቸው በኃይል ይጥሉታል፤ አንገቱ ይሰበራል። ያን ጊዜስ የሚጠየቀው ማን ነው? ያቀለመችለትና ያሠለጠነችው። ይህንንም ነግሬው ነበር። የቀናሁበት መሰለው።

ስለዚህ መውደቅ አስተምረዋለሁ። ከሥራ ወጥቼ በየቀኑ፣ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ፣ መሬቱን በክንድዎ ይምቱ እያልሁ እጥለዋለሁ፣ አነሣዋለሁ። ይህ የጀማሪ ነገር ነው እያለ ይነጫነጫል። ዳዊት ግድግዳውን ተደግፎ ያየናል። ለማን ብዬ እንደማደርገው ያውቃል፤ እቤት ስንገባ ራቱን ሳይቀምስ አጎበሩ ውስጥ ይገባል። ከሁሉም የሚከፋኝ ያ ነው።

ትናንት ሊቀመንበሩን በዳሌዬ አንሥቼ ስጥለው ጆንያዎቹ ተንሸራተው ኖሮ፣ ጭንቅላቱ ወደ ባዶው ሲሚንቶ ሄደ። እጅጌውን ይዤዋለሁ። ጣቶቼን ብከፍት በቃ ነበር፤ ሰውም አደጋ ነው ከማለት በቀር ምንም አይልም። አበራዬ፣ መክፈት ፈለግሁ። ከልቤ ፈለግሁ። ግን ያሰረው ነጭ ነበር። እጄ አንተ እንዳስተማርኸው ሳብ አድርጎ በርጋታ አስቀመጠው። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና፣ አየሽ፣ መውደቁን ችዬዋለሁ፣ ቅዳሜ ቀበቶውን ይዘሽ ነይ አለኝ።

ይዤለት እሄዳለሁ። በገዛ እጄ አስርለታለሁ፣ ዳዊት ቤቱ እንዲያድር። ከተማው ሲያጨበጭብለት እኔም አጨበጭባለሁ። አንተን ስንገንዝህ ግን ቡናማህን በወገብህ ላይ ያሰርሁልህ እኔ ነኝ። ሰው ጠየቀኝም አልጠየቀኝም፣ ከዚህች ከተማ ልጆች ከቡናማ በላይ በእውነት የደረሰ እንዳልነበረ እስክሞት አልረሳውም።

ባለቤትህ