ከቆርቆሮ ሥር ስለሚለካው ዝናብ

ለተከበሩ የአካባቢው የአየር ጠባይ ትንበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ትንበያዎ የተረጋጋ፣ እግርዎም እንደ ትንበያዎ ደረቅ ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከወንዙ ዳር ባለው የረድፍ ቤት የምኖር፣ እርስዎም በሥራዬ የሚያውቁኝ በያጅ ነኝ።

ለመጪው የክረምት ሳምንት ያወጡት ትንበያ ትናንት በሰፈራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በአክብሮት አንብበነዋል። «በአብዛኛው ደረቅ፣ አልፎ አልፎ ቀላል ካፊያ» ይላል። ያነበብነው ጃንጥላ ዘርግተን ሲሆን፣ ቀለሙ በዝናቡ እየታጠበ ስለወረደ «ደረቅ» የምትለዋን ቃል ለመለየት ጥቂት ተቸግረን ነበር። ስለሆነም የሚከተሉትን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ታላቅ እህቴ እታለም ልብስ ሰፊ ናት። ከወደቀችበት ዓመት ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ስላላት፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ደረጃ እያየች ትሰፋለች። ደረጃው ሰባት ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃው አንድ ደረጃ በዋጠ ቁጥር በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዋ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ታሰምራለች፤ እስካሁን አራት መስመር አስምራለች። ቢሮዎ በእነዚሁ አራት ቀናት አራት ዜሮ መዝግቧልና፣ ቢያንስ በብዛት ተስማምታችኋል።

፪. የሰፈሩ ኮሚቴ ለክፉ ቀን ብሎ ዳገቱ ላይ ያለውን የትምህርት ቤት አዳራሽ አዘጋጅቶልናል። ሆኖም አዳራሹ የሚከፈተው የእርስዎ ወረቀት «ከባድ ዝናብ» ሲል ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለን የኮሚቴውን ሊቀ መንበር ብንለምናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸውና፣ «ወረቀቱ ደረቅ ይላል፤ እኔ ከወረቀት አልበልጥም» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። በረድፋችን ሃያ ሦስት ሰው አለ፤ ሌላ መሄጃም የለንም። እታለም ይህን ስትሰማ፣ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ከነማኅተሙ ይወስዳል ግን ማንም አልነገረኝም» አለች። እኔ አልሳቅኩም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በሌሊት ቢመጣ ሁሉም ሮጦ ይወጣል፣ እሷ ግን መሮጥ አትችልም።

፫. ይህኛው እኔንም ስለሚነካ ቀስ ብዬ ልናገረው። የዝናብ መለኪያውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚያነበው ሠራተኛዎ በያመቱ ክረምት እየረጠበ ሳል ስለያዘው፣ እርስዎ እንደ አባት አዝነው መጠለያ እንዲሠራ አዘዙ። ትእዛዙ የደረሰው እኔ ዘንድ ነው። አራት የብረት ቋሚ ተከልኩ፣ ስድስት ቅጠል አዲስ ቆርቆሮ መታሁበት፣ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጥ አሸንዳም ገጠምኩለት። ሠራተኛዎ ደረቀ፤ ከሥሩ የቆመው የዝናብ መለኪያም አብሮት ደረቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ አካባቢ ዘንቦ አያውቅም።

ሥራውን ሳስረክብ የቢሮዎን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ «ዝናቡስ በየት በኩል ይገባል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «አንተ በያጅ ነህ፤ ብየዳህን በይድ» አሉኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ። እታለም ትንበያውን ባነበብኩላት ጊዜ ይህን አወጣሁላት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ «ጠይቀህ ዝም ካልክማ፣ ካልጠየቀው በምን ትሻላለህ?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

፬. ቅሬታ አይደለም፣ ማሳወቂያ ነው። ነገ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት መፍቻዬን ይዤ መጥቼ መጠለያውን እፈታለሁ። ሠራተኛዎ ጃንጥላ ይዞ እንዲመጣ፣ ጃንጥላውንም በራሱ ላይ ብቻ እንዲይዝ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚያ መለኪያው ያየውን ይጻፉልን፤ ከእርስዎ የምንሻው «ከባድ ዝናብ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ከቀትር በፊት ቢለጠፍልን ውለታዎን አንረሳም።

ከቋሚዎቹ ሁለቱን፣ ከቆርቆሮውም አንዱን ቅጠል በውሰት እወስዳለሁ። ዳገቱ ሰው አዝለው የሚወጡት አይደለምና ለእታለም ቃሬዛ እበይድበታለሁ። መጠለያዎ ስሙን የሚያገኘው ያኔ ነው።

ስለ ዝናብ አልባው ክረምታችን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከዜሮ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ውስጥ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ረጥቤ፣

የመጠለያዎ ሠሪና የእታለም ወንድም

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር (ቁልፉ ላለበት ኪስ)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስት ደረጃ ቀርቶን ነበር። አሁን እታለም አምስተኛውን መስመር አሰመረች፤ ጠዋትን አልጠበቀችም። ስለዚህ ክቡርነትዎን የማስቸግረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባክዎ ቶሎ ቶሎ ያንብቡ።