ጉቶ ለሚቆጥረው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የአነስተኛ የግል ደኖች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ መዝገብ ቤትዎ ፋይሎች ማንም የማይነካው ይሁን እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ለመሆኑ «ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ይኖር ይሆን? እኔስ አልጠይቅም። የአክስቴ ማመልከቻ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ባለው እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ፣ «ብቁ አይደለም» የሚል ማኅተም አርፎበት እንደተኛ አውቃለሁ። ጠረጴዛውንም አውቀዋለሁ፤ ካቻምና የሦስተኛ ዓመት የደን ሳይንስ ተማሪ ሳለሁ በተለማማጅነት የሠራሁት እዚያው ላይ ነው። ዛሬ ተመርቄያለሁ፤ ዲግሪዬ በመስታወት ተለብጦ ሳሎን ተሰቅሏል፣ እኔ ደግሞ ዓለምን በአንድ ክረምት አረንጓዴ ለማልበስ ታጥቄ ተነሥቻለሁ። አክስቴ ከእናቷ የወረሰችው፣ ከጓሮዋ እስከ ወንዙ የሚዘልቅ ደን አላት። እንደ እኔ ያለ የተማረ ዘመድም ስላላት ሌላ ጠላት አያስፈልጋትም።

ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. በተመረቅሁ ሰሞን ደኑ ተጨናንቆ ዛፎቹ በብርሃን ሽሚያ እንደቀጠኑ አየሁና፣ ደካሞቹ ተቆርጠው የቀሩት እንዲወፍሩ አክስቴን መከርኳት። ይህ ማሳሳት ይባላል፤ ጎመን ያበቀለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ግን አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። አክስቴ «አንተ ልጅ፣ ደን ለማዳን ደን ቁረጡ ነው ያሏችሁ?» ብላ ብትስቅብኝም አመነችኝ። ስድሳ ሦስት ዛፍ ቆረጥን፤ የቀሩትም ፋታ አግኝተው መወፈር ጀመሩ።

፪. ከዚያ አክስቴ ድጋፍ እንዲሰጣት ብታመለክት፣ ደኑን ሊያዩ የእርስዎ ባለሙያ መጡ። ትጋታቸውን ሳላመሰግን አላልፍም፤ አንገታቸውን ደፍተው ከጉቶ ጉቶ እየዞሩ ስድሳ ሦስቱንም አንድ ሳያጎድሉ ቆጠሩ። «የቆሙትንስ አይቆጥሩም?» ብላቸው «ወንድሜ፣ የቆመውማ የት ይሄዳል?» አሉኝ።

፫. ለውድቀታችን ምክንያት የሆነው የቅጹ ተራ ቁጥር ሰባት ነው፦ «ባለፉት አምስት ዓመታት አንድም ዛፍ የተቆረጠበት ደን ድጋፍ አያገኝም» ይላል። ይህን ያረቀቀው ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው ብዬ ስሙን በዚህ ጋዜጣ ላወጣ ቆርጬ ነበር። እኔ ነኝ። በልምምዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ የዛፍ ፍቅር አናቴ ላይ ወጥቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። የማሳሳት ትምህርት የሚሰጠው በአራተኛው ዓመት መሆኑን ማን ነግሮኝ! ክቡርነትዎም አንዲት ቃል ሳያነቡ ስለፈረሙበት፣ በእኔ ላይ ያሳዩትን እምነት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

፬. ላሳርመው ብመጣ፣ ማሻሻያ መቅረብ ያለበት ቅጹን ባረቀቀው ክፍል በኩል ነው ተባልኩ። ክፍሉ እኔ ነበርኩ። የልምምድ ጊዜዬ ስላለቀ ክፍሉ ፈርሷል።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። አክስቴ ጉልበቷ ከድቷታል፤ ድጋፉ ቢፈቀድ ኖሮ የሚመጣላት የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። አሁን ደኑን ብቻዋን ልትጠብቀው ስለማትችል፣ በየሳምንቱ ደጇን ለሚያንኳኳው የአጣና ነጋዴ ቃል ሰጥታዋለች፤ በወሩ መጨረሻ መጋዙን ይዞ መጥቶ አንድም ሳያስቀር ይቆርጠዋል። እኔን አልተቆጣችም። «ይሁን፣ ልጄ» አለችኝ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክቡርነትዎ እስከዚያ ቀን ተራ ቁጥር ሰባትን በብዕር አንድ ጊዜ ቢሰርዙልኝ፣ ደኑም እኔም እንተርፋለን። ካልሰረዙት ግን ባለሙያዎ የሚቆጥሩት ጉቶ እንደማያጡ ቃል እገባለሁ።

ከጥፋቴ በማያንስ አክብሮት፣
የቅጽዎ ደራሲ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣
የአክስቱ የደን አማካሪ (ለጊዜው ከምክር የታገደ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚሁ ቅጽ የወደቃችሁ የትናንሽ ደን ባለቤቶች ሁሉ፣ አድራሻችሁን በዚህ ጋዜጣ በኩል ላኩልኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ከአክስቴ ደን ጀምረን የቆሙትን ዛፎች አንድ በአንድ እንቆጥራለን፤ ዝርዝሩንም ሰኞ አብረን ይዘን እንገባለን። ክቡርነትዎም ተጋብዘዋል፤ ሥራው ቀና ብሎ ማየት ስለሚጠይቅ፣ አንገትዎን ከወዲሁ ቢያለማምዱት መልካም ነው።