ደብተሬን በግምገማ ላይ ላነበቡልኝ ሱፐርቫይዘር

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ቢተው
የጉድኝት ማዕከላችን ሱፐርቫይዘር
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ ከመካነ ሰላም በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬደው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የማስተምረው ጀማሪ መምህርት፣ ከብርዱና ከእርስዎ ግምገማ በቀር እንደ አገሩ ወግ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመምህራን ማረፊያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ደብተሬን በአደባባይ ካነበቡልኝ ወዲህ የምደብቀው ነገር ስለሌለኝ ነው።

1ኛ. በመስከረም ለጀማሪ መምህራን ደብተር አድለው፣ በየሳምንቱ ያስተማርነውን መለስ ብለን እንድናይና ያልተሳካልንን ሳንፈራ እንድንጽፍ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። አምኜዎት ጻፍኩ። ክፍልፋይ ሳስተምር ከስልሳ ሁለት ተማሪዎቼ አርባው እንዳልገባቸው፣ ሱሀይላ የምትባል ልጅ እጇን አውጥታ ስድስት ለግማሽ ሲካፈል ስለምን በዝቶ አሥራ ሁለት እንደሚሆን ስትጠይቀኝ ምክንያቱን ስለማላውቀው ተቆጥቼ እንዳስቀመጥኳት፣ ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ እንደማታውቅ፣ ትምህርቱን ደግሜ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ልጠይቃት ማሰቤንም ጭምር አሰፈርኩ።

2ኛ. ይህንኑ ጽሑፍ ግለ ሂስ ነው ብለው በሐሙሱ ግምገማ ለሠላሳ መምህራን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ስላነበቡልኝ፣ የአቅምና የአመለካከት ችግር የሚል ስም አውጥተው በማኅደሬ ስላስገቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የንስሐ አባት እንኳ የሰማውን ይዞት ይቀራል፤ የእርስዎ ቃለ ጉባኤ አለው።

3ኛ. ክፍልፋይን ደግሜ እንዳላስተምር የከለከሉኝ የዓመቱ ዕቅድ እንዳይጓተት መሆኑን ተረድቻለሁ። ዕቅዱ እነሆ በጊዜው እየሄደ ነው፤ ተማሪዎቹ ናቸው የቀሩት።

4ኛ. በየሳምንቱ «ችግር አልታየም» ብለው የሚጽፉት አቶ ታደለ ሞዴል መምህር በመባላቸው ደስ ብሎኛል። አማካሪዬ ነበሩና አስቀድመው ሊያስጠነቅቁኝ ይገባ ነበር እንዳልል፣ አማካሪዬ መሆናቸውን ራሳቸውም የሰሙት እኔ በተገመገምኩ ዕለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ሱሀይላ ከታኅሣሥ ጀምሮ ቀርታለች። ቤቷ ሄጄ እናቷን ወይዘሮ ሀጀራን ብጠይቃቸው፣ ልጅቱ ጭንቅላቴ ትምህርት አይቀበልም ብላ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት ማውጣቷን ነገሩኝ። እንዲህ ያስባልኳት እኔ ነኝ። ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ለእርስዎ አቤት ማለትም ዋጋ እንደሌለው እያወቅሁ የምጽፈው ሌላ የማውቀው ደጅ ስለሌለኝ ነው።

ሥልጣንዎን ያጽናልዎ፣ ድምፅዎንም አይንሳዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በግምገማ ዝቅተኛ፣ በታዛዥነት ከፍተኛ ውጤት ያላት
መምህርት ሐረግ ይሄነው
ጥር 2003 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ (ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ የታከለ) ከግምገማው ወዲህ የሰጡኝን አዲስ ደብተር እንዳዘዙኝ ሞልቼ ልኬያለሁ፤ በሁሉም ሳምንት ችግር አልታየም። የሱሀይላን ጥያቄ መልስ ግን አሁን አግኝቼዋለሁ። እሑድ ለመንገዷ ሰደቃ ተደርጎ ስድስት ዳቦ ቀረበ፤ ራሷ ሱሀይላ ከሁለት ከሁለት እየገመሰች ለአሥራ ሁለት እንግዶች አዳረሰችው። አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። መልሱ በእጅሽ ነው ልላት አስቤ፣ ግማሽ ዳቦዬን ተቀብዬ ለዱዓው አሚን ብቻ አልኩ። ሰኞ ሄዳለች። ይህ በየትኛው ሳምንት ሥር እንደሚሞላ ቢያመለክቱኝ።