የመሲ ቀኖና

ይድረስ ለልጄ ለመቅደላዊት፤ አዲስ አበባ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ አምበር ያለነው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ጤፉ ገብቷል፤ ላሟም ወልዳ ቤቱ ወተት በወተት ሆኗል።

ታናሽሽ መሲ ግን የገና በዓል ካለፈ ወዲህም ጾሟን አልገደፈችም። «የንስሐ አባታችን ቀኖና ሰጥተውኛል» ብላ፣ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ላብ እስኪያጠምቃት ትሰግዳለች። ጎረቤቱ «ጻድቅ ወለድሽ» ሲለኝ ኮርቼ ነበር። የላክሽላት ቀሚስ እየሰፋት ደጋግሜ አጠበብኩላት፤ እሷ «አሁንም ይጥበብ» ትለኛለች።

ትናንት የንስሐ አባታችን አባ አካለ ወልድ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡና ሲያዩዋት ክው አሉ። «ያዘዟትን ቀኖና እየፈጸመች እኮ ነው» ብላቸው፣ «እኔ ለዚህች ልጅ ምንም አላዘዝኩም» አሉኝ።

እግዜር ይጠብቅሽ ልጄ። እንዲያው ናፍቀሽኛልና ሁዳዴ ሳይገባ ነይልኝ።

እናትሽ የሻረግ