ለአሮጌዋ ሆልደን የኋላ ምንጣፍ ስንመርጥ

ይድረስ ለውድ ወንድማችን ለኬልቪን፤

ናፍቆታችን ባሕሩን ተሻግሮ ደጅህ ይድረስ። ከነልጆችህ እንዴት ከርማችኋል? እኛ እዚህ ባላራት፣ ተመስገን፣ አለን።

ምን የመሰለ ወሬ እንዳለኝ! የአባታችሁ መኪና፣ ያቺ አሮጌ ሆልደን፣ ታድሳ ተጠናቀቀች! የቀራት የኋላ ዕቃ መጫኛ ኮፈኗ ምንጣፍ ብቻ ነበር። ትናንት ከኔው ባል ከክላይቭ ጋር ሱቅ ሄደን ሦስት ዓይነት አስዘረጋን። ወንድምህ እንደ ጥንቱ ጥቁሩን የጎማ ምንጣፍ እንደሚወስድ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ዕድሜውን ሙሉ "ከፋብሪካ እንደወጣችው!" ሲል አይደል የኖረው? እሱ ግን "ሜርል፣ አንቺ ምረጪ" አለኝ።

"ከመቼ ወዲህ ነው የምታማክረኝ?"

"የምትነጃት አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

አዎ፣ በሰባ ዓመቴ መንዳት ጀመርኩልህ! ማርሹን ሳንቋቋው "ቀስ በይ እንጂ፣ አሮጊት እኮ ናት!" ይለኛል። "ማንኛችን?" እለዋለሁ።

ወፍራሙን ቀይ መረጥኩ። ቤት ስንመለስ ክላይቭ ማጎንበስ ስላቃተው እኔው ኮፈኑ ውስጥ ገብቼ አነጠፍኩት። እግሬ ውጭ ተንጠልጥሎ ሲያይ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና አጥሩን ተደግፎ ቆየ። ሲሻለው "ያምራል። ስትሸጫትም ዋጋ ያወጣልሻል" አለኝ።

"ማን ሊሸጣት!" ብዬ ጮኽኩበት።

እሁድ መሪውን ይዤ ባሕር ዳርቻ እወስደዋለሁ። ደስታዬን አትጠይቀኝ!

ለገና እንመጣለን ብላችሁ ነበር። እስከዚያ ከምትቆዩ በቅርቡ ለሚመጣው ፋሲካ ብትመጡስ? ምንጣፉን በአዲስነቱ ብታዩት ደስ ይለኛል።

በደህና ያገናኘን።

ሜርል