ወንጌላዊት ሮማነወርቅ ጀማነህ እና በገደሉ ሥር የነበሩት ቤተሰቦች

ወንጌላዊት ሮማነወርቅ ጀማነህ ከአባታቸው ከአቶ ጀማነህ ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ተፈሪ ኅዳር 12 ቀን 1940 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አባታችን (ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ደጀን ነኝ) የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ስለነበሩ ቤተሰቡ መንገዱ በሚሠራበት ሁሉ ይዞር ነበር። ሮማነወርቅ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ወደ አዲግራት ተዛወርን። አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተማሩት እዚያው ነው። ትግርኛውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ እንደ አፍ መፍቻቸው ቻሉት።

በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው የጤና ረዳትነት ሙያ ተማሩ፤ ተመርቀውም በልዩ ልዩ የገጠር ጤና ጣቢያዎች አገለገሉ። በ1963 ዓ.ም. ጌታን እንደ ግል አዳኛቸው ተቀበሉ። በ1965 ዓ.ም. ከአቶ ታዴዎስ ወልደጻዲቅ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሴት ልጃቸውን ሔርሞንንና ወንድ ልጃቸውን አብርሃምን ወለዱ። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ አቶ ታዴዎስ አሥራ አንድ ወር ታሰሩ። ከተፈቱ በኋላ ቤተሰቡ በሱዳን በኩል ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ መጡ።

በዚህ ከተማ እትዬ ሮማንን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። ዌስተርቪል በሚገኝ ነርሲንግ ሆም ለአሥራ ሦስት ዓመት አረጋውያንን ሲያጥቡ፣ ሲያበሉና ሲያነሱ ኖረዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሹን የምትጋራቸው አሜሪካኖች ጸሎታቸውን ጨርሰው ሲለቁልን፣ ወንበሩን ቀድመው የሚያስተካክሉት እሳቸው ነበሩ። አዲስ የመጣ ሰው ካለ በመኪናቸው ለሥራ ኢንተርቪው ይወስዱታል፤ ሐኪም ቤትም አብረውት ገብተው ያስተረጉሙለታል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ ድንበር ጦርነት ተነሣ። የዛላምበሳ አካባቢ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ አዲግራት አቅጣጫ መሸሹን ሲሰሙ፣ እትዬ ሮማን ለሦስት እሑድ ያህል ለጉባኤው ሲናገሩ አለቀሱ። ቤተ ክርስቲያናችንም አገሩንና ቋንቋውን ስለሚያውቁ እሳቸውን ሚሲዮናዊት አድርጋ ለመላክ ወሰነች። ብርድ ልብሱን፣ ድንኳኑንና መድኃኒቱን ለማቅረብ ቃል የገባው አንድ የሚሲዮን ድርጅት ነበር። እኔ እንዳይሄዱ ለምኛቸው ነበር። «እኔ የተማርኩበት ደብተር ከእነሱ ልጆች ጋር የተካፈልኩት ነው፤ ተወኝ» አሉኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እንዳልጽፍ የመከሩኝ ወንድሞች አሉ። እሳቸው ግን በሕይወት ሳሉ «ሳትቀንስ ጻፈው» ብለውኛል።

በጥቅምት ወር ሲደርሱ ሁለት መቶ የሚጠጉ ቤተሰቦች ከአዲግራት ወጣ ብሎ ካለ አንድ ገደል ሥር፣ ገሚሱ በዋሻ፣ ገሚሱ በላስቲክ ተጠልለው አገኟቸው። ብርድ ልብሱ አዲግራት ከተማ ውስጥ በመጋዘን ተቆልፎ ነበር። ድርጅቱ በፋክስ የላከው መመሪያ አስቀድሞ የወንጌል ስብሰባ እንዲደረግ፣ ብርድ ልብሱም ከስብሰባው በኋላ ለተገኙት ብቻ እንዲታደል ያዛል። በየወሩም ስንት ሰው ጌታን እንደተቀበለ በቁጥር ሞልተው ሪፖርት እንዲያደርጉ ይጠይቃል።

ሕዝቡ ኦርቶዶክስ ነው። ከመካከላቸው አባ ገብረየስ የሚባሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን ትተው የተፈናቀሉ አዛውንት ቄስ ነበሩ። እትዬ ሮማን መመሪያውን ሳይደብቁ ሲነግሯቸው፣ አባ ገብረየስ «ልጄ፣ ቤታችን ሄደ፣ እርሻችን ሄደ፣ ከብቱም ሄደ። የቀረን አንገታችን ላይ ያለው ማተብ ነው። እሱንም በብርድ ልብስ ልትለውጡን ነው?» አሏቸው።

እትዬ ሮማን በማግስቱ ከአገሩ ወንጌላዊ ከወንድም ሳህሌ ጋር መጋዘኑን ከፍተው፣ ያለውን ሁሉ ያለ ስብሰባ በሁለት ቀን አከፋፈሉ። የወሩን ሪፖርት ሲሞሉ ጌታን ስለተቀበሉ ሰዎች በተጠየቀበት ቦታ ላይ ዜሮ ጻፉ። በሚቀጥለውም ወር ዜሮ ጻፉ። ወንጌሉን አልሸሸጉም፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ስለ ክርስቶስ ነግረዋል። ነገር ግን «የሚንቀጠቀጥ ሰው አሜን ሲል ምን እንዳለ አይታወቅም» ይሉ ነበር።

ድርጅቱ ሁለተኛውን ጭነት አስቀረ። ድንኳኑም መድኃኒቱም የነበረው በዚያ ውስጥ ነው። እትዬ ሮማን አዲግራት እየተመላለሱ ስልክ ደወሉ፣ ለቤተ ክርስቲያናችንም ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። ሽማግሌዎቻችን ጉዳዩን ለስብሰባ ቀጠሩት።

በታኅሣሥ ወር ብርዱ ሲበረታ ሕፃናት በሳንባ ምች መታመም ጀመሩ። መብራት የምትባል እናት ነበረች። ባሏ በሬዎቹን ላምጣ ብሎ ወደ ድንበሩ ተመልሶ የቀረ፣ አራት ልጆች ያሏት፣ የመጨረሻዋም በዚያው በገደሉ ሥር የተወለደች። ያቺ ሕፃን ታመመች። እትዬ ሮማን የቀረቻቸውን የመጨረሻ መድኃኒት ሰጧት፤ አልበቃትም። መብራት «ሐኪሟ፣ ሌላ የለም?» አለቻቸው። «የለም» አሏት። ይህን ቃል ለኔ ሲነግሩኝ ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ስላልሞላት ክርስትና አልተነሣችም። እናቷን ከሞቱ ይልቅ ያስጨነቃት ይህ ነበር። ያን ጊዜ እትዬ ሮማን ገደሉን በሩጫ ዞረው አባ ገብረየስን ጠሯቸው፤ ውኃውንም በጀሪካን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። አባ ገብረየስ ሕፃኗን አጠመቋት። ጥምቀቱ ሲፈጸም ይዘዋት የነበሩት እትዬ ሮማን ናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈች። ከዚያ በኋላ በዚያው ገደል ሥር ስድስት ሕፃናት ተቀብረዋል።

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1999 ተጠርተው ወደ ኮሎምበስ ተመለሱ። በሽማግሌዎች ፊት ቀርበው ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ሪፖርቱና ስለ ጥምቀቱ ተጠየቁ። አንደኛው ሽማግሌ «እኛ የላክንሽ ወንጌል እንድትሰብኪ ነው። ቄስ ጠርተሽ ሕፃን ታስጠምቂያለሽ?» አሏቸው። እሳቸውም «ልጅቷ የእናቷ ናት፤ የኔም የእናንተም አይደለችም። ይልቅ ድንኳኑን ዛሬ ስጡኝ» ብለው መለሱ። ድርጅቱን በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቁ ታዘዙ። እምቢ አሉ። ከአገልግሎት ታገዱ። እኔም በዚያ ስብሰባ ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ ግን ዘግይቻለሁ።

ከነርሲንግ ሆም ሥራቸው እየወጡ፣ ከሦስት እህቶች ጋር ከየክሊኒኩ መድኃኒት፣ ከየቤቱም ድንኳንና የልጆች ልብስ ሰበሰቡ። ዌስተርቪል ያለው የቤታቸው ጋራዥ እስከ ጣሪያው በካርቶን ሞላ። አቶ ታዴዎስ በበረዶ መኪናቸውን ውጭ እያቆሙ አንድም ቀን አላጉረመረሙም። በየካቲት ወር ግን ጦርነቱ እንደገና አገረሸና መላኪያው መንገድ ተዘጋ።

በሚያዝያ የወንድም ሳህሌ ደብዳቤ መጣ። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲቃረብ ሕዝቡ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መበተኑን፣ አባ ገብረየስ በመንገድ ላይ ማረፋቸውን፣ መብራትን ሦስት ልጆቿን ይዛ ወደ መቀሌ ስትሄድ ያያት ሰው መኖሩን፣ መቀሌ ግን ተፈልጋ አለመገኘቷን ይናገራል። እትዬ ሮማን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር። መጠለያውን፣ ሆስፒታሉን፣ የሚያውቁትን ሁሉ ጠየቁ። ልጃቸው ሔርሞን ስልኩን ከእጃቸው ወስዳ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኢናፍ» እያለች ያለቀሰችበት ቀን አለ። በማግስቱ ደግሞ ደወሉ።

በሰኔ ወር ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሥራቸውን ሳይለቁ ስለቆዩ፣ ሐኪም ጋ የሄዱት ከነሐሴ በኋላ ነው። የቆሽት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሞቹም ጊዜው ማለፉን ነገሩን። በሆስፒታል ሳሉ ሽማግሌዎቹ መጥተው እግዱን ማንሣታቸውን ገለጡላቸው። እሳቸውም አመስግነው፣ «አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቀብሬ ላይ ድል አድርጋ ሄደች እንዳትሉ። ያቺን ሴት ሳላገኛት ነው የምሄደው» አሏቸው።

እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ አሁን ይጸልዩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ስሙን እጠራለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምለው ይጠፋብኛል» አሉኝ። የሆነውም ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚያጽናና ነገር ባገኝ ኖሮ እጽፈው ነበር።

ወንጌላዊት ሮማነወርቅ ጀማነህ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ቅዳሜ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1999 በተወለዱ በ51 ዓመታቸው በኮሎምበስ ከተማ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በጋራዡ ካለው መድኃኒት አብዛኛው ጊዜው አልፎበታል። ልብሱንና ድንኳኑን የሚያደርስ ሰው እስካሁን አላገኘንም።

ባለቤታቸውን አቶ ታዴዎስን፣ ልጆቻቸውን ሔርሞንንና አብርሃምን፣ ወንድማቸውን ደጀንን ትተው ሄደዋል። መብራትና ሦስት ልጆቿም ከቤተሰቡ ጋር በዚህ ስፍራ እንዲጻፉ አዘዋል፤ ጽፈናል። መርዶውን የምናደርስበት አድራሻ ግን የለንም።

የሰው ልጅ ሥራው ሳያልቅ እንደሚጠራ የሚያውቅ እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ በእጁ ይቀበላት። ያላለቀውንም እሱ ይመልከተው። አሜን።