ዳዮዱና የእትዬ ብርድ ልብስ

ጥር 3፣ ማክሰኞ ጠዋት። ደ/ብርሃን

ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ቻለው፣ ማስታወሻዬ። ወደ አንኮበር ልነሳ ነው።

ያለኝ ሁለት ዳዮድ ብቻ። ቁራጭ ሴሚኮንዳክተር፣ ላይዋን ነክቶ የቆመ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ። ውጭ ያስተማሩኝ ሰውዬ የሰጡኝ ናቸው፤ እዚህ አገር ተፈልጎ አይገኝም። ከራዲዮ በላይ፣ ከብርሃን በታች ያለውን ሞገድ የሚያዩልኝ እነሱ ናቸው። ያን ሞገድ እርጥብ አየር ይውጠዋል። በጥር ደረቅ አየር፣ ከጉብታ ወደ ጉብታ ያልፍ እንደሆን ልለካ ነው። ፈቃዴ እስከ ቅዳሜ። ባዶ እጄን ከተመለስኩ ምርምሩን ትቼ ማስተማር ብቻ፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቁርጡን ነግሮኛል።

አክስቴ እትዬ ዘነበች መሣሪያውን ብርድ እንዳይመታው ብለው አዲስ የሱፍ ብርድ ልብስ አመጡ። ሳቅሁባቸው። ኋላ የመንገዱን ጉድጓድ አሰብኩና ራሴው አንዱን ዳዮድ ጠቀለልኩት፣ እንደ አራስ ልጅ። ሁለተኛውን ሰነፍኩ። በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት እንደተጠቀለለ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አለ።

ጥር 4፣ ረቡዕ። አንኮበር

ሞገድ ላኪው መሣሪያ ማዶ ጉብታ ላይ፣ ተቀባዩ እዚህ። መርፌው ንቅንቅ አይልም። ቀኑን ሙሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ጓድ፣ ይሄ ነገር የውጭ ራዲዮ ይይዛል ወይ አለኝ። ዛሬ የራሱንም አልያዘም አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ማልቀስ እያማረኝ።

ፈተሽኩት፤ ዳዮዱ ሞቷል። አንገጫግጮ የሰበረው መስሎኝ ያመጣኝን ላንድሮቨር ረገምኩ። አንድ ቀረኝ። ነገ እሱንም በደንብ ጠቅልዬ ነው የማወጣው።

ጥር 5፣ ሐሙስ ንጋት

ለብሼው ያደርኩትን የእትዬን ብርድ ልብስ ገፍፌ ልነሳ ስል ጠሽ ጠሽ! ብልጭታው ታየኝ። ፀጉሬ ቆመ።

አይ አንተ ደደብ። ደጋ ተወልጄ፣ በዚህ ብልጭታ ስንጫወት አድጌ! ሱፍና ደረቅ ብርድ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ ብዬ ተማሪ ስፈትን ኖሬ! ያቺን ቀጭን ሽቦ በገዛ እጄ ጠብሻታለሁ። ላንድሮቨሩ ይቅር ይበለኝ። ብቻዬን ስስቅ ያደርኩበት ቤት እመቤት በግድግዳው በኩል ደህና ነህ ወይ አሉኝ።

ስንፍናዬ አተረፈኝ። ሁለተኛው ቆርቆሮው ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮ ኤሌክትሪኩን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ሹራቤን አወለቅሁ። የጥጥ ጋቢ ተዋስኩ።

በዚያው ቀን፣ 5 ሰዓት

ተነሳ! መርፌው ተነሳ። አለፈ፣ ማስታወሻዬ። 

ሊቀመንበሩ በመዳፉ የተቀባዩን ፊት ጋረደ፤ መርፌው ወደቀ። አነሳ፤ ተነሳ። ደጋግሞ። አየኝ ወይ አለኝ። የሚያየው በእጅህ ውስጥ ያለውን ውሃ ብቻ ነው አልኩት። ደስ አለው መሰለኝ።

ጥር 7፣ ቅዳሜ። ደ/ብርሃን

ልኬቱ ሞልቷል። ኃላፊው አሁን ምን ይል ይሆን።

እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር፤ እጃቸው ላይ ሌላ አዲስ ብርድ ልብስ። መሣሪያው አዲስ አበባ ድረስ እንዳይበርደው። እውነቱን ነገርኳቸው።   ከዚያ ያሞቅሁ መስሎኝ አቃጠልኩት ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ብርድ ልብሱን ለአንተ ነው ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉት።

ጓዳ ገቡ። ሻይ ቅጠላቸውን ወረቀት ላይ ገልብጠው ቆርቆሮውን ሰጡኝ፤ ለሚቀጥለው ዳዮድ። ባዶውን እንዳትመልስልኝ አሉ።

ወሰንኩ። ሰኞ ኃላፊው ፊት ቆሜ የክረምቱንም አየር፣ ጭጋጉንም ልለካ እላለሁ። ቢፈቅድም ባይፈቅድም ሐምሌ ላይ ይህን ቆርቆሮ ሻይ ቅጠል ሞልቼ ለእትዬ እመልሳለሁ።